ከመስኮቴ እስከ ቤት መኪናዋ

ሐምሌ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ ወዲህ ይህን ደብተር አልከፈትኩም። የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ እንግዳ ያጡ ክፍሎች ናቸው። ዛሬ ግን ግቢዬ ውስጥ ቤት ገባ። ቀልዴን አይደለም፤ በጎማ የሚሄድ ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ አበባ ያለበት መጋረጃ አለው፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳይቀር አለው። የአክስቴ ልጅ ደሳለ፣ አስጎብኚው፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ላይ በአይሱዙ አስጎትቶ አመጣው።

ባለቤቶቹ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ ኤልስ እና ቪም። ጡረታ ወጡና ከአገራቸው እስከ ደቡብ አፍሪካ በዚህች ቤት መኪና ሊሄዱ ተነሱ። የላስታ ጭቃ ፍሪሲዮናቸውን በላው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና፣ "ይኸ ዕቃ ከአገራቸው ካልመጣ ገናን እዚሁ ነው የሚያከብሩ" አለ።

ጎረቤቴ ዓለምእሸት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "አንቺ የትናየት! ቤቷን አዝላ የምትዞር ሴት ከየት አመጣሽብን? እኛስ የቆመውን ቤት መያዝ አቅቶናል!" አለችኝ።

ኤልስ ከመኪናው ስትወርድ ውሃ አልጠየቀችም፣ ሽንት ቤትም አልጠየቀችም። በሩ ላይ የሰቀልኩትን፣ ማደሪያና ኢንተርኔት አለ የሚለውን ሰሌዳ እያሳየች፣ "እውነት ኢንተርኔት አለ?" አለች።

"አለ" አልኳት። አለ፤ ሲመጣ።

ሐምሌ 25

ደሳለ የስልኬን መስመር በረጅም ገመድ ቀጠለላት። ከሳሎን ግድግዳ ተነስቶ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጋር ታስሮ እስከ ቤት መኪናዋ ይሄዳል። ኮምፒውተሯ ራሱ ይደውላል፤ እንደተያዘ ዶሮ ይጮህ ይጮህና ዝም ሲል ገባ ማለት ነው። መስመሩ አንድ ነው። እሷ ስትጽፍ እኔ ስልክ የለኝም፤ እኔ ስደውል እሷ ኢንተርኔት የላትም። ተስማምተናል።

ይህን ያህል የምትሻው ለምን እንደሆነ ዛሬ ነገረችኝ። እናቷ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። ስልክ ለሳቸው ምንም አያደርግላቸውም። በሚጦሩበት ቤት ውስጥ በስተርጅና ኮምፒውተር ተማሩና በየማታው ለልጃቸው ይጽፋሉ። ምን እንደበሉ፣ በመስኮታቸው ምን ወፍ እንደመጣ። ኤልስ በቱርክም በሱዳንም ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። "ከዳቦ በፊት" አለች።

ማታ የመጣላትን ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። "ዛሬ ሾርባው ጨው አልነበረውም። ለወጥ ቤቷ ሴት ነገርኳት፤ እንደኔ የማትሰማ መሰለች።" ሁለታችንም ሳቅን። ሰው እናቱን በየቀኑ ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል።

ነሐሴ 1፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ መብረቅ። ስልኩ ሞቷል።

ነሐሴ 4

መስመር የለም። ዕቃው አዲስ አበባ ደርሷል ተብሎ ቪም ሊያመጣው በአውሮፕላን ሄደ። ኤልስ ቤት መኪናዋን ትቼ አልሄድም ብላ ቀረች። በጾም ሰዓቴ አብራኝ ትጾማለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ አብረን እንበላለን። እንዝርት አስያዝኳት። የምትፈትለው ፈትል እንደ ጣቷ ወፍራም ነው፤ ዓለምእሸት አይታ "ለጅራፍ ይሆናል፣ ቡሄም ደርሷል" አለች።

በእድሜ ታላቄ ናት። በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር የምላት። ግን እንደ እኩያ ነው የምንጫወተው። እነዚያ ክፍሎች ባዶ መሆናቸውን ከረሳሁ ሰነበትኩ።

ነሐሴ 7

በየጠዋቱ በመስኮት ትመጣለች። "ዛሬስ?"

"ነገ ይመጣል።"

ይምጣ አይምጣ የማውቀው ነገር የለም። እንግዳን ምን ይሉታል ሌላ?

ነሐሴ 11፣ ማክሰኞ ጠዋት

መጣ! ስልኩን ባነሳው ድምፅ አለው! ኤልስ ከደሳለ ጋር አሸተን ማርያም ወጥታለች። ስትመለስ ምን እንደምትሆን ለማየት ቸኩያለሁ። ስልኩ እየጠራ ነው፤ ላንሳው።

ነሐሴ 11፣ ማታ

የደወለው የኤልስ ወንድም ነው። አንድ ጊዜ ከኔ ስልክ ደውላለት ስለነበር ቁጥሩን ይዞታል። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ "እናታችን ትናንት አርፋለች። እባክሽ ለኤልስ ንገሪልኝና ትደውልልኝ። እሷን እየጠበቅን ነው" አለኝ። እኔም "እሺ፣ እነግራታለሁ። እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አልኩት። አመሰገነኝ።

ስልኩን ዘጋሁ።

እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት? ብቻዋን ናት። ባሏ የለም፣ ዘመድ የላት፣ አልቅሶ የሚያስለቅስ የላት፣ በሰው አገር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ። ከተራራ ስትወርድ፣ እግሯ ሳይታጠብ፣ "እናትሽ ሞተዋል" ይባላል? ወይስ ኮምፒውተሯን ሰክታ ብቻዋን ታንብበው?

እኔ ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ እያለሁ የእናቴን ሞት በስልክ ነው የሰማሁት። ጸሐፊዋ መነጋገሪያውን በእጇ እንደያዘች፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እየሰማ፣ "አንቺ የላሊበላዋ፣ እናትሽ ሞታለች ይላሉ" አለችኝ። ሲሚንቶው ላይ ወደቅኩ። በጠላቴም ላይ አላደርገውም።

መርዶ ወግ አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባት ይመጣል፣ ማለዳ በጨለማ ይገባል፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው በግራ በቀኝ ይቆማል። አሮጊቷ ያረፉት ትናንት ነው፤ ይኸኔ አፈር ለብሰዋል። ለቀብር የሚያስሮጣት ነገር የለም። የቀረው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ባሏ እስኪመጣ ብትቆይ ምን ይጎዳታል? "እየጠበቅን ነው" ያለውም አብሮ ለማልቀስ ነው፤ እኛም እንጠብቃለን።

ገመዱን ከነስልኩ ከግድግዳው ነቀልኩት።

ማታ በጭቃ ተለውሳ፣ ጉንጯ ቀልቶ መጣች። "ዛሬስ?"

"የለም" አልኳት። እስከ ዛሬ "ነገ" ነበር የምላት። "የለም" ያልኩት በመጣበት ቀን ነው።

ነሐሴ 12፣ ረቡዕ

የነፍስ አባቴ አባ ሰማኸኝ ሱባኤ ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ አስጠርቻቸው ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ቀብሩስ እንዴት ሆነ?" አሉኝ።

"ይኸኔማ ተቀብረዋል፣ አባ።"

"ነፍስ ይማር። እንግዲያ ባሏ ይምጣ፤ ፍልሰታውም ይፈታ። በዐሥራ ሰባት ማለዳ እኛው እንመጣለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ፣ ልጄ። ሆድ እንዳይብሳት አጫውቻት።"

ልቤ አረፈ። ለካ ትክክል ነበርኩ።

ደሳለ ግን አጉረመረመ። "እነዚህ ሰዎች ሬሳ እንደኛ ቶሎ አይቀብሩም ይባላል። አንድ እንግዳዬ ሳምንት ቆይቶ ነው ለአባቱ ቀብር የደረሰው" አለኝ።

"ሬሳ ሳምንት የሚያቆይ ማን ነው? ጤፍ መሰለህ?"

"እኔ የሰማሁትን ነው። ደውለሽ ብትጠይቂው ምናለ?"

ደሳለ ፈረንጅ አስጎበኘሁ ብሎ ሁሉን አውቃለሁ ይላል። ወንድሟ ጋ ደውዬ ምን ልበለው? "ገና አልነገርኳትም" ልበለው?

ማታ የቡሄ ልጆች መጡ። ኤልስ ሙልሙል አስጋግራ ነበር፤ ራሷ አደለች፣ ከነሱ ጋር ዱላ ይዛ መሬት እየመታች ጨፈረች፣ ችቦው ሲበራ እንደ ልጅ ጮኸች። ዓለምእሸት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ዞረች። ሌሎቹም ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ኤልስ ዓይኔን አይታ፣ "ጭሱ ነው?" አለችኝ።

"ጭሱ ነው" አልኩ።

ነሐሴ 13፣ ሐሙስ

ለእናቷ መጻፍ አላቆመችም። በየማታው ጽፋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ታስቀምጣለች። "መስመሩ ሲመጣ ሁሉም ባንዴ ይሄዳል፤ እማዬ አንድ ቀን ሙሉ ታነባለች" አለችኝ። የቡሄውን አነበበችልኝ። "እማዬ፣ ዛሬ በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂው እሳት አየሁልሽ" ይላል።

ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ተነሳሁ። የሚከተፍ ሽንኩርት አልነበረም።

አውሮፕላኑ በቀትር አለፈ። ትናንትም መጥቶ ነበር፣ ከትናንት በስቲያም። ቪም ግን አልመጣም። ምነው ይህ ሰውዬ?

ነሐሴ 14፣ ዓርብ

ትልቁ ሆቴል ሄጄ ልሞክር ብላ ዝናብ ጃኬቷን ለበሰች። ደሳለን በአቋራጭ አስሮጥኩት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ የሰፈራችን ነው፤ ሲነግረው ገባው። "መስመር የለም እሜቴ" አላት። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደች፤ እዚያም የለም። ወንዱም ሴቱም ደግ ፊት እያሳየ "የለም" አላት። ላሊበላ እንዲህ በአንድ ቃል ስትስማማ አይቼ አላውቅም።

ረጥባ ተመለሰች። መጥታ ሳሎን ተቀመጠች። "የትና፣ በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶብን አድረናል። በረሃው ላይ እንኳ እንዲህ የታሰርኩ አልመሰለኝም" አለች። ከዚያ ገመዱን በመስኮት በኩል በዓይኗ እየተከተለች፣ "በኔ በኩል ደህና ነው። በዚህ በኩልስ አይተሽዋል?" ብላ ተነሳች።

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ተቀመጥኩ። "ደሳለ አይቶታል" አልኳት።

እሷ ታሰርኩ ትላለች። እኔ ደግሞ ከዚህ ወንበር መነሳት አልቻልኩም። ሌላ ሰው ገመዱን እንዳያየው ምሳዬን እዚሁ በላሁ። ወጥ ቤት ስሄድ በሩን እቆልፋለሁ። የእንግዳዬ ጠባቂ ነኝ ወይስ እስረኛዋ?

ደሳለ ማምሻውን፣ "እንዳትሄድብሽ ነው እንዴ?" አለኝ። ባለጌ! እንግዳ ለመያዝ ብዬ ነው? ለሷ ብዬ ነው። ለሷ ብዬ ነው እንጂ።

ነሐሴ 15፣ ቅዳሜ

ዓለምእሸት ንፍሮው እንዲነከር ስንዴና ባቄላ አመጣች። የእድራችን ሰዎች ድንኳን ይሰጣሉ። "ፈረንጅም ትሁን የእግዜር ፍጡር ናት፤ ብቻዋን አታለቅስም" አሉ። ኮራሁባቸው። በአገሯ እንኳ እንዲህ የሚደረግላት አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ኤልስ ምክንያቱን ሳታውቅ ከፋት። ከመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ "ዛሬ እማዬ በጣም ትዝ አለችኝ" አለች። ጥጥ አምጥቼላት አብረን ፈተልን። ዛሬ ክሯ ቀጥኗል።

ነሐሴ 16፣ እሑድ

ፍልሰታ ተፈታ። ቪም መጣ።

መጻፍ አልቻልኩም። በኋላ።

ነሐሴ 16፣ ሌሊት

አሁን ልጻፈው።

ከአየር ማረፊያ ሲገባ ፊቱን ሳየው እንዳወቀ አወቅኩ። ሰላም አላለኝም። በቀጥታ ቤት መኪናዋ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ከዚያ የኤልስን ድምፅ ሰማሁት። የሰው ድምፅ አልመስል አለኝ።

ቪም ነው ወጥቶ የነገረኝ። ዕቃውን ጉምሩክ ይዞበት ነው አዲስ አበባ የቆየው። ኢንተርኔት የምታየው እሷ እንጂ እሱ አይደለም፤ ዓርብ ዕለት እዚያው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ቢከፍተው የወንድሟን መልእክት አገኘ። እኔ ጋ ደወለ። ስልኩ በሱ በኩል ይጠራል፤ እኔ ቤት ግን ተነቅሎ ነበር። ሲደውል አመሸ፣ ሲደውል አነጋ። ቅዳሜ አውሮፕላኑ ላይ ቦታ አጣ።

ቀብሩ ትናንት ነበር። ትናንት ቅዳሜ፣ እኔ ባቄላ ሳስነክር።

ለኤልስ ሲሉ ነው ያቆዩዋት። "እየጠበቅን ነው" ያለኝ ይህንን ነው፤ አስከሬኑን ይዘው እየጠበቋት ነበር። ማክሰኞ ማታ ብነግራት ረቡዕ አውሮፕላን ነበር፣ ሐሙስም ነበር። በቀትር አንገቴን ቀና አድርጌ ያየሁት አውሮፕላን ነው፤ ቪምን ለምን አላመጣም ብዬ የተቆጣሁት። እሷን ሊወስድ ይችል እንደነበር አንድም ቀን አልመጣልኝም።

የባሰው ሌላ ነው። ወንድሟ ለቪም፣ "ማክሰኞ ለባለቤቲቱ ነግሬያታለሁ። እነግራታለሁ ብላኛለች። ኤልስ ሰምታ ዝም ካለች እንግዲህ ጉዞዋ በልጦባታል" ብሎታል። እህቱ አውቃ የቀረች መስሎት እናቱን ቀበረ።

ሲመሽ ኤልስ ሳሎን ገባች። ወንበሩን በእጇ ገፋ አድርጋ የተነቀለውን ገመድ አየችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነኝ የለፈለፍኩት፤ መርዶ በኛ አገር እንዲህ ነው፣ ብቻሽን ነበርሽ፣ ፍልሰታ ነበር፣ እኔን ደሴ እያለሁ በስልክ እንዲህ አደረጉኝ፣ ሲሚንቶ ላይ ወደቅኩ አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ለእማዬ የጻፍኩትን ሁሉ" አለች፣ "አሁን ወዴት ልላከው?"

ወጣች።

አቤቱ፣ ምን አደረግኩ! ደሳለ ነግሮኝ ነበር። አባም ጠይቀውኝ ነበር። "ይኸኔማ ተቀብረዋል" ያልኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 17፣ ሰኞ

አትምጡ ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ረሳሁት። ገና ሳይነጋ አባ ሰማኸኝ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ግቢው ሞላ። ቤት መኪናዋ ዙሪያ በጭቃው ላይ ቆሙ። ዓለምእሸት ሙሾ አወጣች።

ኤልስ በሌሊት ልብሷ በሩን ከፈተች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ይሄን ሁሉ ሰው ያስነሳው ምን እንደሆነ ደሳለ ተርጉሞ ነገራት። ደረጃዋን ወረደችና ዓለምእሸት ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሴቶቹ ከበቧት፣ ያዟት፣ አስቀመጧት። አባ "እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሏት። ንፍሮውን ተቀበለች።

ሁሉም እኔ እንዳሰብኩት ሆነ። እኔ ብቻ ነኝ ከመስኮቱ ኋላ የቆምኩት። ዓለምእሸት "ነይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?" ብላ በእጇ ጠራችኝ። ምን ብዬ ወጥቼ ላልቅስ?

ነሐሴ 19

ገመዱን ሰክቼላታለሁ። ያ የዶሮ ጩኸት ሌሊት ተሰማኝ። ለወንድሟ ጻፈች። መልስ አልመጣም።

ነሐሴ 21

ፍሪሲዮኑ ገባ። መኪናዋ ተነስታ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች፤ ሰፈሩ አጨበጨበ። ከወንድሟ መልስ የለም። በኔ በኩል ልጻፍለት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልበለው ብዬ ቪምን ጠየቅኩት። "ጻፊ" አለኝ። ጻፍኩ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ገጽ ለመጻፍ ቀኑ መሸብኝ። መርዶ ምን እንደሆነ ለፈረንጅ ማስረዳት አቃተኝና ሁሉን ሰርዤ፣ "አልነገርኳትም። እሷ አላወቀችም" ብቻ ብዬ ላክሁት።

ነሐሴ 24

ዛሬ ሄዱ።

ወንድሟ ትናንት መለሰላት። ምን እንዳላት አልጠየቅኩም፣ አልነገረችኝም። ብቻ ፊቷ ትንሽ ተመልሶላታል።

ቪም ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቃት ኤልስ ሳሎን መጣች። ገመዱን በደንብ ጠቅልላ ይዛዋለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። የፈተለችውን ክር ግን ይዛው ሄዳለች፤ በከረጢቷ አፍ ላይ አየሁት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ያን ጊዜ፣ ደሴ፣ በስልክ የነገሩሽ ጊዜ። ለቀብሩ ደረስሽ?"

ስንት ዓመት ይህን ታሪክ ለሰው አውርቻለሁ። ጸሐፊዋን ረግሜአለሁ፣ ሲሚንቶውን፣ ሰልፉን ተናግሬአለሁ። ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ከወደቅኩበት አንስተው እህል የጫነ መኪና ላይ አሳፈሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ ተጓዝኩ። ስልኩን ያስደወለው አባቴ፣ ልጄ ሳትደርስ አይሆንም ብሎ እስከ ማግስቱ ቀትር አቆይቷት ነበር። ፊቷን አየሁት። አፈሩን በእጄ ነው የመለስኩት።

"አዎ" አልኳት። "ደርሻለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወጣች። ቤት መኪናዋ በሩ ላይ ያለውን ጭቃ አልፋ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ስትወርድ በመስኮት አየኋት።

ደሳለን ጠርቼ የበሩን ሰሌዳ አስወረድኩት።